ሰው ያለበት መስመር

አሜሪካኖች የሬዲዮ መገናኛን ከወታደርና ከፖሊስ እጅ አውጥተው ለተራው ሰው ሲሰጡ በሐሳባቸው የነበረው ሠራተኛው ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ሆኖ ቤቱን እንዲያነጋግር፣ ቧንቧ ሠሪው ረዳቱን «ያንን መፍቻ ይዘህልኝ ና» እንዲል። ዛሬ እዚያው አገር፣ ለሁሉም ክፍት በሆነው መስመር ላይ ከሚሰሙት ስሞታዎች አንዱ ደግሞ በሠራተኛው ላይ የሚነሳ ነው። ልጆቹን ይዞ መናፈሻ የወጣ አባት ሬዲዮውን ሲከፍት የአስፋልት ሠራተኞች ይጯጯሁበታል። ቻናል ይቀይራል፤ እዚያ ደግሞ የሕንፃ ግንባታ አለ። ሦስተኛ ይሞክራል፤ የሆቴል ጽዳት ክፍል «አራተኛ ፎቅ አልቋል» ይላል። እሱ የፈለገው «የት ናችሁ?» ለማለት ብቻ ነበር።

ይህ መገለባበጥ እንዴት እንደመጣ ማየት ደግ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ነገሩ የሬዲዮ ጉዳይ ብቻ አይደለምና።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። ሬዲዮ ስል ዜና የምንሰማበትን ማለቴ አይደለም። የጥበቃ ሠራተኞች ወገባቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን፣ ተጭነው የሚናገሩበትንና ለቀው የሚሰሙበትን፣ ዎኪ ቶኪ የምንለውን ነው። ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ ስልክ ሁለት ሰው እኩል አይናገርበትም። ቁልፉን ስትጫን አፍ ይሆናል፤ ስትለቅ ጆሮ። አፍ በሆነበት ደቂቃ ጆሮ የለውም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ቻናል በአንድ ጊዜ ቢጫኑ አንዱም ስለሌላው አያውቅም። ጉዳቱ የሚደርሰው መሀል ሆኖ በሚሰማው ሰው ላይ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።)

የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን «የዜጎች ሬዲዮ» የሚባለውን አገልግሎት ያሰበው በ1945፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች አንዱ አል ግሮስ ሲሆን ዎኪ ቶኪን ከፈለሰፉት ሰዎች መካከልም ይቆጠራል። የዲክ ትሬሲ ሥዕላዊ ታሪክ ጀግና እጁ ላይ የሚያስረው ሬዲዮ የመጣው ሠዓሊው የግሮስን መሣሪያዎች ካየ በኋላ ነው ይባላል። ግሮስ የሠራቸውን ሬዲዮዎች በብዛት የገዙት ግን ጀግኖች አይደሉም፤ ገበሬዎችና የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎች ናቸው። መሣሪያው ውድ፣ ሞገዱም ለጊዜው ቴክኒክ አስቸጋሪ ስለነበር ሕዝቡ ዘንድ አልደረሰም። የደረሰው በ1958 ነው። ኮሚሽኑ ያን ጊዜ 27 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ ከአማተር ሬዲዮ ሰዎች ወስዶ ለዜጎች ሰጠ። ሲቢ የሚባለው ይኸው ነው። 23 ቻናል ነበረው፤ ጥሪ ምልክት ያለበት ፈቃድም ይጠይቅ ነበር።

የዚያን ዘመን ደንብ ማንበብ ያስገርማል። መገናኛው ለአጭር የግልና የሥራ መልእክት ነው ይላል። ለጨዋታ፣ ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ፣ ለወሬ አይፈቀድም። ንግግር ከአምስት ደቂቃ እንዳያልፍና ከዚያ በኋላ ዝም እንዲባል የሚያዝ አንቀጽም ነበረው። ልብ በሉ፦ በ1958 ዓይን ሲታይ ጥፋተኛው ወሬኛው ነው። ባለመብቱ ሠራተኛው ነው። ዛሬ መናፈሻ ውስጥ ልጆቹን የሚጠራው አባት ያን ጊዜ ቢኖር «አጭር ተናገርና ልቀቅ፣ ሥራ ላይ ነን» የሚባለው እሱ ነበር።

ደንቡን ያፈረሰው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ ሠራተኛው ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌሩ። በጥቅምት 1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ከለከሉ። በ1974 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ፍጥነትን በመላ አገሪቱ በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወሰነ። በማይል ለሚከፈለው ሹፌር ይህ ከኪሱ መውሰድ ነው። ሹፌሩ ሲቢውን አንስቶ ናፍጣ ያለበትን ማደያ ጠየቀ፣ ፖሊስ የተደበቀበትን ጥግ ተነጋገረ፤ በታኅሣሥ 1973 አውራ ጎዳና ሲዘጋም በዚሁ ሬዲዮ ተጠራራ። እግረ መንገዴን ልበልና፣ የእኛዎቹ ባለታክሲዎች በየካቲት 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ያቆሙት በዚሁ ዓለምን ባናወጠ የነዳጅ ዋጋ ምክንያት ነው። ሬዲዮ አልነበራቸውም፤ የአፍ ወሬ በቃቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል።

አሜሪካ ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። ሹፌሩ የጀመረውን አገሬው ሁሉ ተቀበለው። ዘፈን ተዘፈነለት፣ ፊልም ተሠራለት። የፕሬዚዳንት ፎርድ ባለቤት ቤቲ ፎርድ ሳይቀሩ «ፈርስት ማማ» የሚል የሬዲዮ ቅጽል ስም ነበራቸው። ፈቃድ ማውጣት ሕግ ቢሆንም ብዙው ሰው ከጉዳይ አልቆጠረውም። ኮሚሽኑ ከጥር 1 ቀን 1977 ጀምሮ ቻናሎቹን 40 አደረጋቸው። በ1983 ደግሞ የግለሰብ ፈቃዱን ጭራሽ ተወው። ሊቆጣጠረው ያልቻለውን ነገር ነፃ ነው ብሎ አወጀ፤ መንግሥታት እንዲህ ዓይነት ብልሃት አያጡም።

አሁን አንድ የቴክኒክ ነገር ልናገር፤ ቀላል ነው፣ ታገሡኝ። የድሮው ሲቢ በኤ.ኤም. ነበር የሚሠራው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጫን ሰሚው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይሰማል። አስቀያሚ ነው፤ ግን ዜና ነው። «እዚህ መስመር ላይ ሁለት ሰው ተጋጭቷል» ይላል። ሰሚውም «ተደራረባችሁ፣ ድገሙት» ይላል። በኋላ የመጡት ሬዲዮዎች በኤፍ.ኤም. ይሠራሉ። በኤፍ.ኤም. ሁለት ሰው ሲጋጭ ጉልበት ያለው ያሸንፍና ደካማው ድምፅ በዝምታ ይጠፋል። ፉጨት የለም፣ ምልክት የለም። የተረገጠው ሰው እንደተረገጠ አያውቅም፤ የረገጠውም አያውቅም። በጥራት ረገድ እድገት ነው፤ አልክድም። ለጎረቤት ጉዳይ ግን ሲቢው ይሻል ነበር።

በኤፍ.ኤም. የሚሠራው «የቤተሰብ ሬዲዮ አገልግሎት» የተፈቀደው በ1996 ነው። ሐሳቡን ለኮሚሽኑ ያቀረበው ሬዲዮ ሻክ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ መደብር ነበር። አሥራ አራት ቻናል፣ ግማሽ ዋት ጉልበት፣ የማይነቀል አንቴና፣ ፈቃድ የለ፣ ክፍያ የለ። አውሮፓም ብዙ ሳይቆይ በ1998 ፒ.ኤም.አር. 446 የሚባለውን ስምንት ቻናል ፈቀደ፤ እሱም ግማሽ ዋት ነው። ስሙ «ቤተሰብ» ይበል እንጂ የአሜሪካው ደንብ ለሥራ መጠቀምን አልከለከለም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠመዘዘው። ከዚያ አጠገብ ያለው፣ የተሻለ ጉልበት የሚፈቅደውና ፈቃድ የሚጠይቀው አገልግሎት ከ1987 ጀምሮ ለድርጅቶች አዲስ ፈቃድ መስጠት አቁሟል፤ ለግለሰብና ለቤተሰቡ ብቻ ሆኗል። የሚከፈልበት በር ለድርጅት ተዘጋ፤ የማይከፈልበት በር ግን ተከፍቶ ቀረ። ሁለት ሬዲዮ በአንድ ካርቶን ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ሲገኝ የሥራ ተቋራጩ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?

የተገላቢጦሹም አለ። በ2000 ኮሚሽኑ ድርጅቶች በፈቃድ ሲጠቀሙባቸው የነበሩ አምስት ቻናሎችን ለሁሉም ክፍት አደረገ። ከእነዚህ ሁለቱ ሠራተኛው ዘንድ የሚታወቁት በቁጥር አልነበረም። ሬዲዮው ላይ ባለች ክብ ምልክት ነው፦ «ሰማያዊ ነጥብ»፣ «አረንጓዴ ነጥብ»። ሠራተኛው የሞገዱን ቁጥር አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። ሰማያዊ ያለው ከሰማያዊ ጋር ይነጋገራል፣ አለቀ። አንድ ቀን ደንቡ ሲቀየር የመጋዘኑ ሠራተኛ ነጥቡ ውስጥ አዳኝና ልጆች ገብተው አገኛቸው። ማን ነው እዚህ ጋ ጣልቃ የገባው? እኔ እንጃ።

ወደ ኮዱ ልምጣ፤ ምክንያቱም የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለነበርኩ የቃል ነገር አይለቀኝም። ቻናሉ ሲጨናነቅ የሬዲዮ ፋብሪካዎች ያመጡት መድኃኒት ኮድ ነው። በእንግሊዝኛ የሰጡት ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የገመና ኮድ» ማለት ይመስለኛል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስትናገር ሬዲዮህ ከድምፅህ ሥር አንድ ቀጭን እምምታ ይልካል፤ ጆሮ አይለየውም። የባልደረባህ ሬዲዮ ያንን እምምታ ሲያገኝ ብቻ ድምፅ ማጉያውን ይከፍታል። ሌላው ቢንጫጫ አይከፍትም። የተለመዱት 38 ዓይነት ናቸው። ማስታወቂያው 22 ቻናልን በ38 አባዝቶ 836 ሲልህ ሰፊ ሜዳ የተሰጠህ ይመስልሃል። ሜዳው ያው 22 ነው። ኮዱ ማንንም ከመስመሩ አያወጣም፤ የአንተን ንግግርም ከማንም አይሰውርም፤ ኮድ ያላስገባ ሰው ሁሉንም ይሰማል። ገመናህ ተሸፈነልህ ይሉሃል፤ የተሸፈነው ያንተው ጆሮ ነው።

ውጤቱን አስቡት። ድሮ ሠራተኛው ከመጫኑ በፊት ሌላ ሰው ሲናገር ይሰማ ስለነበር ይጠብቃል፤ ወይም ይሳደባል፤ ቢያንስ መኖሩን ያውቃል። ኮድ ያስገባው ሠራተኛ ግን ሁልጊዜ ጸጥታ ነው የሚሰማው። መስመሩ ባዶ መስሎት ይጫናል፤ ሰው ላይ ይጫናል። አባትየው በአንድ ሰዓት ሁለት ቃል ነው የሚናገረው። የግንባታ ቡድን ግን ሥራው ራሱ ንግግር ነው፤ ውጣ፣ ውረድ፣ ቁም፣ ትንሽ ግራ። ቀኑን ሙሉ። ሕግ ጣሰ? አልጣሰም። የደንቡ መንፈስ ቻናል የማንም አይደለም፣ ተስማምታችሁ ተጠቀሙ የሚል ነው። ከማትሰማው ሰው ጋር እንዴት እንደምትስማማ ግን አይነግርህም።

እኛ አገር እንዲህ ዓይነቱ ሬዲዮ ያለ ፈቃድ ስለማይያዝ ችግሩን በዚህ መልኩ አናውቀውም። «የወል» የሚለውን ቃል ግን እናውቀዋለን። መንዝ ላይ ጓሳን ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቀው ቀሮ በሚባል ሥርዓት ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ የሚከፈትበትን ቀን የሚወስኑ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሾልኮ የገባ ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙት ይህን የመሰሉ ሥርዓቶችን ከየአገሩ አጥንተው ነው። የወል ነገር የግድ አይጠፋም፤ ተጠቃሚዎቹ ከተያዩና ከተነጋገሩ ይቆያል ነው የሚሉት። ሬዲዮው ላይ የጎደለው ይኸው መተያየት ነው። ዕቃው ራሱ እንዳትተያይ ተደርጎ ተሠርቷል።

ስሞታው ሠራተኛው ላይ መቅረቱ ነው እኔን የሚከነክነኝ። ሬዲዮውን ሠራተኛው አልገዛውም። የገዛው አሠሪው ነው። ድርጅት የራሱን ሞገድ በፈቃድ መውሰድ ይችላል፤ አሜሪካ ውስጥ ለአሥር ዓመት የሚያገለግለው ፈቃድ ከነአማካሪው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ ድርጅቶች እርስ በርሳቸው የሚጋሩት ቀላል ፈቃድ አለ፤ ለአምስት ዓመት 75 ፓውንድ። ሦስት ሰው ይዞ ግድግዳ የሚለስነው ሰውዬ ይህን ባያወጣ አልፈርድበትም፤ ክፍቱ መስመር የሱም ነው። አርባ ፎቅ የሚያቆመው ኩባንያ ግን ይህችን ለማትረፍ ሠራተኛውን በሕፃናት ጨዋታ መሀል ሲያሰማራው ምን ይባላል?

ጨዋታ የምለው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ጨዋታ አይደለም። ክሬን የሚነዳው ሰው ብዙ ጊዜ ጭነቱ የሚያርፍበትን ቦታ አያይም። ዓይኑ መሬት ላይ የቆመው ጠቋሚ ነው፤ የሚያየውም በሬዲዮ ነው። ሁለት ግንባታዎች በአንድ ቻናልና በአንድ ኮድ ላይ ቢገናኙ የአንዱ ጠቋሚ «አውርድ» ሲል የሁለተኛው ክሬን ነጂም ይሰማዋል። ከሥሩ ሰው ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የክሬን ደንብ ይህንን አይቶታል፤ ለክሬን ምልክት የሚያገለግል የሬዲዮ መስመር ለዚያ ሥራ ብቻ የተለየ መሆን አለበት፣ ግንኙነቱ ከተቋረጠም ሥራው በጥንቃቄ ይቁም ይላል። እንግዲህ የማንም ባልሆነ መስመር ላይ «ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ» ቻናል ከየት ይመጣል? አንዱ መሥሪያ ቤት ማንም ይግባ ብሎ የከፈተውን፣ ሌላው ማንም እንዳይገባበት ብሎ ያዝዛል። መሀል ላይ ያለው ጠቋሚው ነው።

በ2017 ኮሚሽኑ የቤተሰብ ሬዲዮውን ደንብ እንደገና አሻሻለ። ቻናሎቹ 22 ሆኑ፤ በአሥራ አምስቱ ላይ ጉልበቱ እስከ ሁለት ዋት ከፍ አለ። አባትየው ትንሽ ራቅ ብሎ ልጆቹን ማግኘት ቻለ፤ የአስፋልቱ ቡድንም ትንሽ ራቅ ብሎ አባትየውን መድፈን ቻለ።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ዋሺንግተን ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር። እዚያ ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ የሠራ ወይም የሚሠራ ዘመድ የሌለው ሐበሻ ማግኘት ይከብዳል፤ የእኔም የአክስቴ ልጅ ልጅ መኪና አቅራቢ ነው። ደንበኛ ቁልፉን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ በር ላይ ያለው ልጅ በሬዲዮ «ጥቁሯን ካምሪ፣ ምድር ቤት ሁለት» ይላል፤ ታች ያለው ይዞ ይወጣል። ገቢያቸው ቲፕ ነው፤ ቲፕ ደግሞ በደቂቃ ይለካል። አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ሄጄ በር ላይ ከጎኑ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሦስት ጊዜ ጠራ፤ ታች ያለው አልሰማም። ደንበኛዋ ሰዓቷን አየች።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ሜክሲካኖቹ ናቸው ጋሼ» አለኝ፤ ስፓኒሽ የሚናገረውን ሁሉ እንዲህ ነው የሚሉት። ማዶ መንገዱን የሚቆፍሩትን በአገጩ አሳየኝ። «ባለፈው ሳምንት ቀኑን ሙሉ ሲያወሩብን ዋሉ። ከዚያ ማናጀሩ ኮድ አስገባልንና አሁን አንሰማቸውም።»

«ካልሰማችኋቸው ታዲያ?»

«እሱ ነው የማይገባኝ። አንሰማቸውም፣ ግን አሁንም መኪናው አይመጣም።»

ሬዲዮውን ተቀብዬ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫንኩ። በየመመሪያው ላይ «ከመናገርህ በፊት አዳምጥ» የሚል ይጻፍላታል፤ ኮዱን ለጊዜው ከፍታ መስመሩ ላይ ያለውን ሁሉ ታሰማለች። ስፓኒሹ እንደ ጎርፍ ወጣ። ልጁ ሳቀ፣ ከዚያ ተናደደ፣ ከዚያ ደግሞ ዝም ብሎ አዳመጠ። «እነሱም አለቃቸው እየጮኸባቸው ነው መሰለኝ» አለ። ቃሉን አያውቀውም፤ ዜማውን ግን ማንም ያውቀዋል።

ታች ከሚሠሩት አንዱ የኤልሳልቫዶር ልጅ ነበር። በእረፍት ሰዓቱ መንገዱን ተሻግሮ የቆፋሪዎቹን ፎርማን አነጋገረው። ሰውየው ፓርኪንግ ውስጥ ሬዲዮ መኖሩንም አያውቅም ነበር፤ የእነሱም ትእዛዝ እየተቆረጠ ሲቸገሩ ሰንብተዋል፤ ባትሪው ነው ብለው ሁለት ጊዜ ቀይረዋል። እኛ ሰባት፣ እናንተ አራት ተባባሉና ተጨባበጡ። አገር ቤት ከተመለስኩ በኋላ ስደውልለት መንገዱ ተጠግኖ አልቆ ቆፋሪዎቹ ሄደዋል፤ በቦታቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ገብተዋል፣ ሰባት ላይ።